ጦር ወደ ሰው አገር ሲላክ ማን ይጠይቅ? የአንድ ክር ታሪክ ከ1ኛው እስከ 36ኛው መልስ

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ኔትወርክ እየመጣ እየሄደ ግማሹ ያመለጣችሁ ብዙ ናችሁ። መሃል ላይ ገብታችሁ ወሬው ስለ ምን እንደሆነ የጠየቃችሁም አላችሁ። ስለዚህ ከላይ ጀምሬ በራሴ አፍ ልተርከው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ስድቡንም ቀለል አድርጌ ነው የማልፈው።

ነገሩ የተነሳው ክፍል ውስጥ ነው። ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ፤ የተማሪዎቹን የክርክር ክበብ የምከታተለውም እኔ ነኝ። የሰሞኑ ርዕሳችን መንግሥት ጦር ወደ ሰው አገር ልላክ ሲል የሕዝብ ተወካዮች ሊያስቆሙት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነበር። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። ተወካዮቹ የራሳቸው ሰላይ የላቸው፣ ከመንግሥት የበለጠ አያውቁ፣ ታዲያ ምን ብለው ነው የሚጠይቁት አለችኝ። ዝም አልኩ። ነገ እነግርሻለሁ ብዬ ወጣሁ። ማታ እዚህ የጎጃም ገጽ ላይ ለጠፍኩት።

የመክፈቻው ጽሑፍ

የእንግሊዝን ምሳሌ ነበር ያነሳሁት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2013 ደማስቆ ዳር በሚገኘው ጉታ በመርዝ ጋዝ ብዙ ሰው አለቀ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን የሶርያን መንግሥት በጦር ለመቅጣት ወደ ፓርላማ ሄዱ። ተወካዮቹ ጥያቄ አዥጎደጎዱባቸው። ጋዙን የረጨው የሶርያው መሪ አሳድ ለመሆኑ ማስረጃው ምን ያህል የጠና ነው? የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ሥራቸውን ሳይጨርሱ ለምን እንቸኩላለን? ከደበደብን በኋላስ? በመጨረሻ 285 ተቃወሙ፣ 272 ደገፉ። ካሜሮንም ተቀብለው ተቀመጡ።

የተጠራጠሩት ወደው አይደለም። ከ10 ዓመት በፊት፣ በ2003፣ ያው ምክር ቤት የኢራቅን ጦርነት በ412 ለ149 አሳልፎ ነበር። ኢራቅ በ45 ደቂቃ ውስጥ ለተኩስ የሚደርስ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ተብለው ነበር። መሣሪያው ሲፈለግ አልተገኘም። የ2013ቱ ተወካዮች ልክ ነበሩ ወይ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትጠይቁ ነበር? ብዬ ዘጋሁ። በመሃል የእንግሊዝ ሕግ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፓርላማ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል ብዬም ጽፌያለሁ። ይቺ አጋለጠችኝ።

1ኛው መልስ አንደኛ ነኝ የሚል ብቻ ነበር። እሱን ሰው መቼም አታጡትም።

2ኛው «የመንቆረር ልጅ» ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ ጀመረ። ተወካይ ደሞዝ የሚበላው ለመጠርጠር ነው፣ ለማጨብጨብማ ሰልፈኛ ሞልቷል ባይ ነው። 14 ላይክ አገኘ።

3ኛው ባህር ዳር የሚኖር የሕግ ሰው ነው። መምህር እያለ በትህትና አረመኝ። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ጦር ማዝመት የዘውዱ ሥልጣን ነው፤ በዘውዱ ስም የሚሠራበት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፓርላማውን መጠየቅ ከኢራቅ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው። ማስረጃ ካስፈለገ ቴሬዛ ሜይ በኤፕሪል 2018 ሶርያን ያስደበደቡት ቀድመው ድምፅ ሳያሰጡ ነው። ጀርመን ግን ሌላ ናት። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ1994 በሰጠው ውሳኔ ወታደር ወደ ውጭ የሚዘምተው ምክር ቤቱ ሲፈቅድ ነው። ቀጥሎ ወደ እኛ መጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ረቂቁን የሚያቀርበው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው ይላል። ምስጋናዬን ጽፌ ፖስቴን አስተካከልኩ።

4ኛው ለምን በፈረንጅ ዘመን ትቆጥራለህ ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው። የለንደኑ ድምፅ የተሰጠው በእኛ ነሐሴ 23 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በኋላ የፈረንጆቹን ጉዳይ በፈረንጅ፣ የእኛን በእኛ እንቆጥራለን ብለን ተስማማን።

5ኛው ለተማሪዬ ጥያቄ ቀጥታ የመለሰ ነው። «የጮቄ ጭጋግ» የሚባል ልጅ፣ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ጥቅምት አካባቢ በ2002 የአሜሪካ ኮንግረስ የኢራቅን ጦርነት ሲፈቅድ ታችኛው ምክር ቤት 296 ለ133፣ ሴኔቱ 77 ለ23 ነበር። ከድምፁ በፊት የስለላ ድርጅቶቹ 90 ገጽ ገደማ የሆነ ምስጢራዊ ሰነድ አዘጋጅተዋል። ማንኛውም ሴናተር ሄዶ ማንበብ ይችል ነበር። ሙሉውን ያነበቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እዚያው ሰነድ ውስጥ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የራሱ የመረጃ ክፍል፣ ኢራቅ የኑክሌር ፕሮግራሟን እንደገና ጀምራለች በሚለው አልስማማም ብሎ አስፍሮ ነበር። የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቦብ ግርሃም አንብበው ተቃወሙ።

ልጁ ከዚህ ተነስቶ እንዲህ አለ፦ ተወካይ ከመንግሥት የበለጠ ማወቅ የለበትም። ፊቱ የተቀመጠውን ወረቀት ገልጦ፣ ከእናንተ መካከል ያልተስማማ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። በበነጋው ይህችን ይዤ ክፍል ገባሁ። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እኔም የገዛ ሐሳቤ አስመስዬ ነበር የተናገርኩት፤ ይቅር በለኝ ጭጋግ።

6ኛው የ5ኛውን ደግፎ መጠየቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ጨመረበት። በኦገስት 1964 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆንሰን የቬትናምን ሥልጣን ሲጠይቁ ታችኛው ምክር ቤት 416 ለ0፣ ሴኔቱ 88 ለ2 አጸደቀ። በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ተፈጸመ የተባለው ሁለተኛው ጥቃት እንዳልነበረ የታወቀው ኋላ ነው። የተቃወሙት ሁለቱ፣ ዌይን ሞርስ እና ኧርነስት ግሩኒንግ፣ በ1968 ሁለቱም ወንበራቸውን አጡ። የጠየቀ ይወርዳል፣ ያጨበጨበ ይቀመጣል ብሎ በምሬት ጨረሰ።

7ኛው ሊቢያን አነሳ። በ2011 የእንግሊዝ ፓርላማ 557 ለ13 ደገፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ የራሱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ መርምሮ፣ በሕዝቡ ላይ ተደቅኖ ነበር የተባለው አደጋ የተጋነነ እንደነበር፣ ሲቪል ለማዳን የተጀመረውም መንግሥት ወደ መገልበጥ እንደተንሸራተተ ጻፈ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው አለ። ጋዳፊ ወደቀ፣ ከዚያ በኋላ የሊቢያን በረሃ የሚያቋርጡ የእኛ ልጆች በማን እጅ እንደወደቁ ታውቃላችሁ ብሎም ጨመረበት። እዚህ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ማንም ምንም አልጻፈም።

እስከ አሁን ሁሉም በአንድ ወገን ነበር። 8ኛው ጠረጴዛውን ገለበጠው።

ራሱን «ዳሞት» ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። እነዚያ 285ቱ ፈሪዎች ናቸው አለ። ሶርያ የኬሚካል መሣሪያዬን አስረክባለሁ ብላ ፈረመች፤ በኤፕሪል 2017 ካን ሼይኹን ላይ እንደገና ሕጻናት በጋዝ አለቁ፣ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎችም ያደረገው የሶርያ መንግሥት ነው አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። እናንተ ጎጃሜዎች አትግቡ ለማለት ምን አፍ አላችሁ አለ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ሲፈጀን ዓለም ቁጭ ብሎ ነው ያየው። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣልኩ ሲል ነዳጅን አላካተተም። እንግሊዝ የስዌዝን ቦይ አልዘጋችም፤ የጣሊያን መርከቦች የማለፊያ ክፍያ እየከፈሉ ወታደርና ጋዝ አሳለፉ። ያኔም ለንደን ተቀምጠው ማስረጃው ጠና ወይ፣ ከዚያ በኋላስ እያሉ ይጠይቁ ነበር አለ። እኔንም ፈረንጅ የጠየቀውን የሚደግም ብሎኛል። ሌላም ብሎኛል።

ከ9 እስከ 11 ያሉት በዳሞት ላይ የዘነቡ ናቸው። አንዱ ብቻ ቁም ነገር ነበረው፤ ጋዝ ያስቆመ የአየር ድብደባ አንድ ጥራ ብሎታል። ዳሞት አልጠራም። ዳሞት ያነሳው ነጥብ ግን ከእኔ አልወጣም። ሌሊቱን አስቤዋለሁ።

12ኛው የታሪክ መምህር ናቸው፤ እንጅባራ። ዳሞትን ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ብለው ለዩት። በኅዳር 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር እና የፈረንሳዩ ፒዬር ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለሙሶሊኒ ቆርሰው ለመስጠት በምስጢር ተስማሙ። ነገሩ የፓሪስ ጋዜጦች ላይ ወጣ። የለንደን ሕዝብና የፓርላማ አባላት ጮኹ። ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፣ ዕቅዱም ሞተ። ስለዚህ ጠያቂ ተወካይ ያኔ ለእኛ ነበር የጮኸው። ነገር ግን ዕቅዱን ጣሉት እንጂ ስዌዝን አልዘጉትም፤ ጩኸቱ እዚያው አለቀ። ዳሞት ይህን አንብቦ አመሰገናቸው። በዚህ ክር ላይ የታየ ብቸኛ ተአምር ነው።

13ኛው ታዲያ በጎጃም በኩል የገባውስ ጦር ብሎ መጣ። ጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቀሉ። የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት የጌዴዎን ጦር የተባለውን ይዞ በበለያ አድርጎ ወደ ቡሬ ወጣ። ስንቅ የጫኑት ግመሎች አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ፤ ደጋ አልለመዱ። መጋቢት ላይ ደብረ ማርቆስ ተያዘች። ጣልቃ ገብነት መጥፎ ከሆነ ይሄስ ምንድን ነው ባይ ነው።

14ኛው እሳት ለብሶ መለሰ። አምስት ዓመት ጫካ የነበረው አርበኛው ነው፤ ገጠሩ በእነ በላይ ዘለቀ እጅ ነበር። እንግሊዝ የመጣችው ሙሶሊኒ በሰኔ 1932 ዓ.ም. እሷ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ነው። ለእኛ ብላ አይደለም፣ ለሱዳንና ለስዌዝ ብላ ነው። ልክ ነው። ግን ለራሷ ብላ የመጣችውም ጠቅማናለች፤ 13ኛውም ይህንኑ ነበር ያለው።

ከ15 እስከ 18 ስለ በላይ ዘለቀ ስቅላት ሆነ። ጥያቄው ተረሳ። አድሚኑ ገብቶ ሁለት ኮሜንት ሰረዘ።

19ኛው መልስ ነው የዚህ ክር ጌጥ። የጻፉት የቡሬ አዛውንት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው። ሁላችሁም አንቱ ብላችኋቸው ስታወሩ ደስ አለኝ።

እሳቸው የተነሱት ከ1876 ዓ.ም. ነው። ሱዳን ውስጥ የማህዲ ተከታዮች፣ እኛ ድርቡሽ የምንላቸው፣ በግብፅ አገዛዝ ላይ ተነስተዋል። የግብፅ ወታደሮች በየምሽጉ ተከበዋል። እንግሊዝ አድሚራል ሂወትን ወደ አድዋ ላከች። አፄ ዮሐንስ የተከበቡት ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ሊረዱ ተስማሙ። በምላሹ ግብፅ የያዘችው የቦጎስ ምድር ይመለሳል፣ በምጽዋም ዕቃ ያለ ቀረጥ ያልፋል። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ጥሩ ውል ነበር። የሌላ አገር ጦርነት ነው፣ እኛ በር መክፈት ብቻ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘች። ድርቡሽ ደግሞ ጠላት ሆኖ ቀረ። መስከረም 1878 ዓ.ም. ራስ አሉላ ኩፊት ላይ ተዋጉት፣ አሸነፉም። ነገሩ ግን በዚያ አልበረደም። ጥር 1880 ዓ.ም. የድርቡሹ አዛዥ የአቡ አንጃ ጦር ደምቢያ ገባ። ሊገጥመው የወጣው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነው። ሳር ውሃ ላይ የጎጃም ጦር ተሰበረ፣ የንጉሡ ልጆች ተማረኩ። ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ይህ ሳይበቃ ንጉሡ ከምኒልክ ጋር መከረ ተብሎ የአፄ ዮሐንስ ጦር ራሱ ጎጃምን አጠፋው። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄው መተማ ላይ ወደቁ።

አዛውንቱ ይህን ሁሉ ከተረኩ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁ። አድዋ ላይ ውሉ ሲፈረም ከደምቢያ ወይም ከዳሞት አንድ ገበሬ ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይል ነበር? እንግሊዝ ቢከዳንስ? ድርቡሹ ሲመጣ በማን ማሳ ላይ ነው የሚመጣው? ያኔ ፓርላማ የለም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ነው።

20ኛው ይሄ ከሶርያ ጋር ምን አገናኘው አለ። አዛውንቱም በ21ኛው፣ ልጄ አንተ ሳር ውሃን ታውቃለህ ወይ ብቻ ብለው መለሱለት። 22ኛው የጎንደር ልጅ ነው፤ ጎንደር የተቃጠለችው ጎጃም ስላልቻለ ነው ብሎ ቀለደ። የመጣበት ውርጅብኝ ከዳሞት ይብሳል። ወንድም፣ በጎጃም ገጽ ላይ እንዲህ አይቀለድም።

23ኛው ወደ ቅርቡ አመጣን። በኅዳር 1999 ዓ.ም. የእኛ ምክር ቤት መንግሥት በሶማሊያ የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት ላይ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ፈቀደ። ተቃዋሚዎች ድምፃቸውን ቢነፍጉም አለፈ። ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ሞቃዲሾ ገባ። የወጣው ጥር 2001 ዓ.ም. ነው። መግባቱ የፈጀው ቀናት፣ መውጣቱ ሁለት ዓመት። 55 ንዑስ 9 ወረቀት ላይ መኖሩና ወንበሩ ላይ ጠያቂ መኖሩ ይለያያል ብሎ ለ3ኛው የሕግ ሰው ሹል ጥያቄ ወረወረለት። የሕግ ሰውዬው ዝም አለ።

24ኛዋ ሴት ናት፣ ከሞጣ። ወንድሟ ሞቃዲሾ ዘምቶ ነበር። በሕይወት ተመልሷል። ስለዚያ አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። ዓመት በዓል ላይ ርችት ሲተኮስ ከቤት ይወጣል። ሌላ ምንም አልጻፈችም። 25 እና 26 እግዚአብሔር ያጽናሽ የሚሉ ናቸው። እኔም ጽፌላታለሁ፣ ምን እንደምላት ግን አላወቅኩም።

27ኛው እኔን ነው የሚሰድበው። አገር እንዲህ ሆኖ አንተ ለልጆች የለንደን ፓርላማ ታስተምራለህ የሚል ነው። ተናድጄ የማይሆን ነገር መለስኩ። 28ኛው እሱን አጥፍቼ የጻፍኩት ይቅርታ ነው። ሰውዬው ላይክ አድርጎታል፤ ታርቀናል ብዬ ነው የምቆጥረው።

29ኛው ማርቆስ የማኛ ጤፍ ዋጋ ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ። 30ኛው መለሰለት፣ ሦስት ሰው አዘነ።

31ኛው የብቸና ልጅ ነው። አያቱ የቃኘው ዘማች ነበሩ፣ ኮርያ። የመጀመሪያው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ ሄደ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ አንድም ሰው አልተማረከም። ማንም ተወካይ ድምፅ ሰጥቶ የላካቸው አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ምክንያታቸውም ዳሞት ያለው ነው። ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ብቻችንን ቀርተን ነበርና ሌላው ብቻውን ሲቀር ዝም አንልም የሚል። አያቱ ግን ስለ ጄኔቫ የሰሙት ከተመለሱ በኋላ ነው ይላል። ያኔ ሰልፍ ላይ ስማቸው ተጠራ፣ አቤት አሉ፣ ሄዱ። ልጁ ኩራትም ቅሬታም አለበት። ሁለቱንም ሳይደብቅ ጽፎታል፣ ወድጄለታለሁ።

32ኛው ቃኘው የጃንሆይ ፈረስ ስም ነው አለ። 33ኛው አረመው፤ የአባታቸው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፣ አባ ቃኘው። 34ኛው ስለ ሌሎች የፈረስ ስሞች ዝርዝር ይዞ መጣ። ረጅም ነው፣ ካመቻችሁ እዚያው አንብቡት።

35ኛው የእኔ ነው። ክርክሩ እንዴት ሆነ ብላችሁ ስለጠየቃችሁ ነው። ያቺን ልጅ ዕጣው ተወካዮች ሊያስቆሙት አይገባም የሚለው ወገን ላይ ጣላት። ደብተሯ ላይ ግን የ5ኛው መልስ አለ፤ ለተቃራኒው የሚጠቅም። አልተጠቀመችበትም። ዳሞትን ነው የወሰደችው። ተነስታ ተቃራኒዎቿን በ1928 ለንደን ብትቀመጡ ስዌዝ እንዲዘጋ ድምፅ ትሰጡ ነበር ወይስ መጀመሪያ ማስረጃ ትጠይቁ ነበር አለቻቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ልጅ ቆየት ብሎ እዘጋው ነበር፣ ግን ስዘጋው ጣሊያን በማን ላይ እንደሚዞር ጠይቄ ነው አለ። የሳር ውሃን ታሪክ እሁድ ነግሬያቸው ነበር። ዳኞቹ 2 ለ1 ለእሱ ወገን ፈረዱ። እሷ እስካሁን አኩርፋኛለች፤ አንዱ ዳኛ እኔ ነበርኩ።

36ኛው የብቸናው ልጅ ነው፣ የአያቱን ፎቶ ለጠፈ። ስድስት ወታደሮች በረዶ ላይ ቆመዋል። ከግራ ሦስተኛው አያቱ ናቸው። የሌሎቹን ማንነት አያውቅም። የአንደኛው ቤተሰብ ደጀን አካባቢ ሊሆን ይችላል ተብሏልና፣ ከዚያ አካባቢ ያላችሁ ፎቶውን ለትልልቅ ሰዎች አሳዩልን።